ሹልክ

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ነገር ፈላጊን ለመገሠጽ ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ፣ የማያገባህን አትነካካ ለማለት። እኔ ግን ዛሬ ለጎርጓሪው ጥብቅና ልቆም ተነሥቻለሁ። ምክንያቱም በዚህች አገር፣ በሚጋልብ ውኃ ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር፣ የሚጎረጉርላት ሰው በማጣቷ ብቻ እንደሌለች ስትቆጠር የኖረች ዓሣ አለች። ዘንዶ አይደለችም። ቁመቷም ከጣት አይበልጥም። ትነክሳለች ብሎ የሚፈራት፣ ትበላለች ብሎ የሚመኛት የለም። መቼም ባገራችን አስፈሪም ጣፋጭም ያልሆነ ነገር ጠያቂ የለውም።

የተወለድኩት ቦንጋ አካባቢ ነው። የካፋን አገር ያየ ያውቀዋል፦ ዳገቱ አያልቅም፣ ዝናቡ አያባራም፣ በየሸለቆው ውኃ ይጮኻል። አብዛኛው ውኃ ተጠራቅሞ ጎጀብን ይሞላል፤ ጎጀብ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም ወርዶ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያርፋል። ልጆች ሳለን ይህ ሁሉ ጂኦግራፊ ጉዳያችን አልነበረም። የእኛ ጉዳይ ከቤታችን በታች የምትወርደው ወንዝ ናት። ውኃ ቅዱ ተብለን ስንላክ ጀሪካናችንን ዳር እናስቀምጥና ድንጋይ ግልበጣ እንገባለን። ድንጋዩን ቀስ ብለህ ስታነሣው አንዲት ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ እንደ እርሳስ ቀጠን ያለች ፍጡር ለቅጽበት ትታይሃለች። እጅህን ስትሰድ፣ ሹልክ! የለችም። አማርኛና ካፍኛ እየቀላቀልን የምንጫወት ልጆች ስም ለማውጣት ብዙ አልተጨነቅንም። የምታደርገውን አየንና «ሹልክ» አልናት። ትልልቆቹ ሰዎች ግን ከቁም ነገር አይቆጥሯትም፤ ለነሱ ዓሣ ማለት ድስት የሚገባው ነው።

አሁን ስድስት ኪሎ ሥነ ጽሑፍ እማራለሁ። አራት ኪሎ ደግሞ ባዮሎጂ የሚማር ያገሬ ልጅ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ቤት ተገናኝተን እሱ የኔን ልቦለድ «የሥራ ፈት ወሬ» ይላል፣ እኔ የሱን እንቁራሪት ቀደዳ «የጨካኝ ሥራ» እላለሁ፣ ሻዩን ጠጥተን እንለያያለን። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ወረቀት ይዞ መጣና ገና ሳይቀመጥ፣

«የሹልክን ዘመድ አገኘኋት» አለኝ።

«የት?»

«ለንደን። ጠርሙስ ውስጥ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ1902 ኤድዋርድ ዴገን የሚባል የእንስሳት ናሙና ሰብሳቢ ጣና ሐይቅ ድረስ መጥቶ ዓሣ ለቀመ። የለቀመው ወደ ለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ተላከ። እዚያ ጆርጅ አልበርት ቡለንጀር የሚባል በትውልዱ ቤልጅጋዊ የሆነ ሊቅ ተቀምጦ፣ ከየአህጉሩ የሚመጣለትን ዓሣና እንቁራሪት እየመረመረ ስም ያወጣል። ከዴገን ስብስብ መካከል ከባሕር ዳር የተገኘች አንዲት ትንሽ ዓሣ ነበረች። ቡለንጀር አያትና በዚያው ዓመት «ኔማኪሉስ አቢሲኒኩስ» ብሎ መዘገባት። የፊተኛው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ክር ከንፈር» እንደ ማለት ነው፤ በአፏ ዙሪያ ሦስት ጥንድ ክር የመሰሉ መዳሰሻዎች ስላሏት። የኋለኛው ያገሯ ስም ነው። የአቢሲኒያ ክር ከንፈር እንበላት እንግዲህ።

አንዲት ዓሣ ናት። ሁለት አይደለችም። ከዚያ በኋላ ወደ ዘጠና ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይንስ ስለዚህች ዝርያ የሚያውቀው በዚያች በአንዲት ናሙና በኩል ብቻ ነበር። መንግሥታት ተለዋወጡ፣ ሁለት የዓለም ጦርነቶች አለፉ፣ ብሪታንያ ግዛቷን አስረከበች፤ እሷ ጠርሙሷ ውስጥ ሆና መላ ወገኖቿን ወክላ ቆየች።

እኛ ጽሑፍ የምናጠና ሰዎች ይህ ነገር እንግዳ አይሆንብንም። አንድ ድርሰት በአንድ ብራና ብቻ ተርፎ ሲገኝ ምን እንደሚያስጨንቅ እናውቃለን። ቃሉ የጸሐፊው ነው ወይስ የገልባጩ? ሌላ ቅጂ የሌለው በእውነት ስለጠፋ ነው ወይስ ያልተፈተሸ ዕቃ ቤት ስላለ? ነጠላ ቅጂ የያዘ ሊቅ ከሁሉ በፊት ማድረግ ያለበት ተነሥቶ ሌላ ገዳም ማንኳኳት ነው። የሹልክ ዘመድ ገዳም ግን ሐይቁ አልነበረም። ሐይቅ ረጋ ያለ ውኃ ነው፤ ሰውም ሲመራመር የሚሄደው ታንኳ ወደሚንሳፈፍበት፣ ድንኳን ወደሚተከልበት፣ መንገድ ወደሚደርስበት ነው። እሷና ወገኖቿ በብዛት ያሉት ደግሞ መንገድ በማይደርስበት፣ ውኃው ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ በሚወርድበት በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ያገራችን ክፍል ነው።

ይህን የገለጡት እግራቸውን ውኃ ውስጥ የነከሩ ሰዎች ናቸው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የኢትዮጵያና የሶቪየት ኅብረት፣ በኋላም የኢትዮጵያና የሩሲያ ባዮሎጂስቶች በጋራ ጉዞ ያገራችንን ወንዞች እየተከተሉ ዓሣ ይመዘግቡ ነበር። በ1994 ድጌቡአድዜ፣ ጎሉብትሶቭ፣ ሚኬየቭና ሚና የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት በኦሞና ቱርካና ተፋሰስ መኖራቸው ያልታወቀ 4 የዓሣ ዝርያዎችን ሲያስታውቁ፣ ይህችው ክር ከንፈር በኢትዮጵያ የት የት እንደምትገኝ አብረው ጻፉ። በ2009 ፕሮኮፊየቭ የተባለ ሩሲያዊ የእስያ ዘመዶቿን መዝገብ ለይቶ ለአፍሪካዊቷ የራሷን የቤተሰብ ስም አወጣላት፤ «አፍሮኔማኪሉስ» አላት። በ2013 ደግሞ ፕሮኮፊየቭና ጎሉብትሶቭ አንድ ላይ ሆነው የኦሞዋ ዓሣ ከጣናዋ የተለየች፣ ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗን አስረዱና ስም ሰጧት። ጓደኛዬ ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አድርጎ በጣቱ ያሳየኝ ይህንን ነበር፦

«አፍሮኔማኪሉስ ካፋ።»

እውነቱን ልንገራችሁና ሻዬ ቀዘቀዘ። እስከ ዛሬ ያገሬን ስም በዓለም መጻሕፍት ላይ የማየው ከቡና ጋራ ተጣብቆ ነበር። ቡና ያኮራል፤ ግን ቡና የሁሉ ነው፣ ነጋዴውም አስተዋዋቂውም ይካፈሉታል። ይህቺኛዋ ግን የሚሸጣትም የሚገዛትም የለም። ቆላ ወርዶ፣ ጭቃ ረግጦ፣ ድንጋይ ገልብጦ ያያት ሰው ብቻ ነው ስሟን የጠራው። ያም ሆኖ ግን እኔና የሰፈሬ ልጆች ድንጋዩን ስንገለብጥ የሳይንስ መዝገብ ስለማያውቃት እሷ አልጎደለችም። ነበረች። መዝገብ ውስጥ አለመኖርና አለመኖር ለየቅል ናቸው። ይህን ዓረፍተ ነገር ታሪክ የሚያጠኑ ጓደኞቼ ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

እስቲ አሁን ደግሞ እንዴት እንደምትኖር ልንገራችሁ። በክረምት ጎጀብ የሚገባ ገባር ወንዝ ያየ ሰው፣ አንዲት እርሳስ የምታህል ዓሣ እዚያ ውስጥ አንድ ቀን ታድራለች ብሎ አያምንም። ግንድ የሚያንከባልል ውኃ ነው። ምሥጢሩ ግን ውኃው ሁሉ አንድ ዓይነት ፍጥነት የሌለው መሆኑ ነው። ከላይ ሲጋልብ የሚታየው ጅረት ወደ ወለሉ ሲጠጋ ከድንጋዩ ጋራ እየተፋጨ ይዘገያል። ከድንጋዩ ጋራ የተጣበቀው ስስ የውኃ ንጣፍ፣ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለችውም ክፍተት፣ እንደ ጓዳ ጸጥ ያሉ ናቸው። ሹልክ የምትኖረው እዚያ ነው። ከጎርፉ ጋራ ትግል አትገጥምም፤ ጎርፉ ከራሷ በላይ ያልፋል።

ሰውነቷም ለዚህ ኑሮ የተሰናዳ ነው። ብዙ ዓሦች በሆዳቸው ውስጥ አየር የተሞላ ፊኛ አላቸው፤ ውኃ መካከል ሳይሰምጡ የሚንሳፈፉት በሱ ነው። እንደ ሹልክ ባሉት ዓሦች ዘንድ ግን ፊኛው አንሶ በአጥንት ሳጥን ውስጥ ተዘግቷል። ወደ ላይ አያነሣትም፤ እንዲያው ድምፅ ለመስማት ያገለግላታል። በሚጋልብ ውኃ ውስጥ መንሳፈፍ ማለት መወሰድ ነውና፣ ከባድ መሆኗ ነው የሚያኖራት። ዓይን በማይረዳበት በድንጋይ ሥር ጨለማ ደግሞ በከንፈሯ ዙሪያ ባሉት ክሮች እየዳሰሰችና እየቀመሰች ትንንሽ የውኃ ነፍሳትን ትለቅማለች። ጎረቤቷ ጋራ የሚባለው ዓሣ ሌላ ዘዴ አለው፤ ከአገጩ ሥር ባለው መምጠጫ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል። አንዱ ይጣበቃል፣ አንዷ ትሸሸጋለች፤ ሁለቱም ይኖራሉ።

አሁን ከመካከላችን ስብከት የሚወድ ሰው «ተመልከቱ፣ ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ ይሻላል» ሊል ነው። ተው ወንድሜ! እኔ ይህን አላልኩም። ዓሣ ዓሣ ነው፣ ሰው ሰው ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ እሷ ጎርፍን የምትችለው ድንጋዩ ባዶ ክፍተት ስላለው ነው። ክፍተቱ ከተደፈነ ብልኃቷ ሁሉ ከንቱ ነው። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ጓደኛዬን የሚያስደንቀውን ልጨምር። የሹልክ ቤተ ዘመድ፣ በሳይንሱ ኔማኪሊዴ የሚሰኘው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች አሉት፤ ሕንድ፣ ቻይና፣ ኢራን፣ ቱርክ፣ አውሮፓም ሳይቀር ሞልተዋል። በአፍሪካ ግን ከኢትዮጵያ ወንዞች በቀር የሉም። የጨው ውኃ ለንዲህ ዓይነቱ ዓሣ ግድግዳ ነው፤ ባሕር አይሻገርም፣ በየብስም አይራመድም። ወንዝ ከወንዝ ካልተገናኘ መሄጃ የለውም። ዐረቢያና አፍሪካ ደግሞ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ቀይ ባሕር ሳይከፈት፣ አንድ ምድር ነበሩ። ጓደኛዬ «እንግዲህ ይህቺ ዓሣ ያንን ዘመን የምታስታውስ ደብዳቤ ናት» ሲለኝ፣ ሥነ ጽሑፍን የሥራ ፈት ወሬ የሚለው ሰው እንዲህ መናገሩን ይዤ አፌዝኩበት። ግን ትክክል ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ ከዚያ ከብዙ ወገን የአፍሪካው ቅጂ የተረፈው በኛ ወንዝ ነው። ጠባቂ ሆነን የተሾምን አይደለንም፤ ግን እጃችን ላይ ነው ያለው።

አሁን ወደ ክፍተቱ ልመለስ።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አገሬ ስገባ ወንዛችን ወረድኩ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ውኃው እየጎደለ ቡናው እየቀላ የሚሄድበት። ከላይ በኩል የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ከተተከለ ቆይቷል። ቀይ ቡናው እዚያ ገብቶ ይፈለፈላል፤ የሚያዳልጠው ሽፋኑ እንዲለቅ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይብላላል፤ ከዚያ በብዙ ውኃ ይታጠባል። ገለፈቱና እጣቢው ስኳር የሞላበት ነው። ወንዝ ሲገባ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይሻሙበታል፤ ሲሻሙበት በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ያውም ወንዙ በሚመነምንበት ወራት! ውኃው ጠቁሯል፤ እንደ ተበላሸ ጠላ ይሸታል። ከዚህም በላይ ከተመነጠረው ዳገት የወረደው ደለል በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ እንደ ሊሾ አስተካክሎታል። አንዱን ድንጋይ ለማንሣት ሞከርኩ፤ ጭቃው ይዞት እንቢ አለኝ። በሁለት እጄ ነቅዬ ሳነሣው ከሥሩ ምንም አልነበረም።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳት። አክስቴ በየዓመቱ እዚያው ጣቢያ ቡና ትለቅማለች። ወንፊት በመሰለው አልጋ ላይ የተሰጣውን እያገላበጠች፣ የተሰበረውንና የጠቆረውን እየለየች ትውላለች።

«እትዬ፣ ወንዙ ሞቷል እኮ» አልኳት።

«አይ ልጄ፣ ወንዝ ይሞታል?» አለችኝ ቡናውን እየቀዳች። «በበልግ ሲመጣ ራሱን ያጥባል።»

«ዓሣዎቹስ?»

ቀና ብላ አየችኝ። አክስቴ ቁጣዋ ድምፅ የለውም። «አንተ ደብተር የገዛህበት ብር ከየት የመጣ መሰለህ? ስድስት ኪሎ የገባህበት ጫማስ? ጣቢያው ቢዘጋ እነዚያ ያንተ ትንንሽ ዓሦች ለልጆቼ ደብተር ይገዙላቸዋል?»

መልስ አልሰጠኋትም። የሚመለስ አልነበረም። የአክስቴ ጥያቄ በየመጽሐፉ ስለ ተፈጥሮ ከሚጻፈው ውብ ውብ ቃል ሁሉ ይከብዳል። እኔ ራሴ የጣቢያው ብር ያስተማረኝ ሰው ነኝ። ያቺን ወንዝ ያጠቆረው እጣቢ ነው ዛሬ ይህን እንድጽፍ ፊደል ያስቆጠረኝ። ስለዚህ ከሻይ ቤት ወንበር ላይ ሆኖ «ይዘጋ!» ማለት ለኔ አይሆንልኝም፤ ለማንም አይሁን።

ግን እኮ በሹልክና በደብተር መካከል ምረጥ የተባለ ሰው የለም። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ነው የሣቀብኝ። እጣቢው ተጠራቅሞ በጉድጓድ እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል። ቬቲቨር የሚባለውን ሥሩ ጥልቅ የሆነ ሣር ተክሎ ውኃውን በዚያ መካከል እያጣሩ መልቀቅ ይቻላል፤ ባገራችን የቡና ጣቢያዎችም የተሠራበት ዘዴ ነው። ውኃ እምብዛም የማይፈጅ መፈልፈያም አለ። ገለፈቱ ከእበትና ከቅጠል ጋራ ቢበሰብስ ማዳበሪያ ይወጣዋል። ወንዝ ዳር ያለውን ጥቂት ዛፍ አለመቁረጥ ደለሉን ይይዘዋል። ከነዚህ አንዱም የአክስቴን ቀን ሙያ አያስቀርባትም። የሚጎድለው ለመሥራት ግድ የሚለው ሰው ነው፤ ግድ እንዲለው ደግሞ አስቀድሞ ከታች የሚኖር መኖሩን ማወቅ አለበት። ላልታወቀ ጎረቤት ማን ይጠነቀቃል?

የአክስቴን ጣቢያ ብቻም አልወቅስም። እዚያው ወንዝ ላይ ዓሣ ያማረው ጎረምሳ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ውስጥ ይበትናል። ዓሣው ሁሉ ሰክሮ ይንሳፈፋል። ትልልቁን ለቅሞ ይሄዳል፤ ትንንሹ ለማንም ሳይሆን ይቀራል። ብርብራ ያባቶቻችን ዕውቀት ነው፤ አልንቀውም። ውኃው ሙሉ፣ ሰዉ ጥቂት በነበረበት ዘመን ወንዙ ያገግም ነበር። ዛሬ ግን ብርብራው፣ እጣቢውና ደለሉ ባንድ ላይ ሲመጡበት የት ይሸሽ? ሹልክ ብሎ መግቢያው እኮ ተደፍኗል።

ከአክስቴ ጋራ ነገሩ በዚያ አላበቃም። ልመጣ ስል ሻንጣዬን እያሰረች፣ «ያቺ ዓሣ ግን ምን ትባላለች አልክ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ካፋ ትባላለች እትዬ። ባገራችን ስም ነው የተጠራችው።»

«ማን ጠራት?»

«ሩሲያዎች።»

ዝም ብላ ቆየችና፣ «እኛ ምን ስንሠራ?» አለች።

ይህ ጥያቄ ለኔ የቀረበ አይመስለኝም፤ ለኛ ነው። አራት ኪሎ ያሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ክንፏን ይቁጠሩ፣ አጥንቷን ይመርምሩ። እኛስ? «ይህ የሳይንስ ነው» ብለን እጃችንን ልናጥብ ነው? ስም የማን ሥራ ነው? ተረት፣ የልጆች ጨዋታ፣ የወንዝ ዳር ቃል ማን ይሰብስበው? በዚህ ግቢ ውስጥ ከባሮ፣ ከጊቤ፣ ከተከዜ፣ ከበለስ፣ ከዋቢ ሸበሌ ዳር የመጣ ተማሪ አለ። እያንዳንዱ ልጅ ሆኖ ድንጋይ ገልብጧል፤ ከሥሩ ላገኘውም ነገር በአፍ መፍቻው አንድ ስም ሰጥቷል። ያ ስም የትም አልተጻፈም። አያቶቻችን ሲያልፉ አብሮ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ዓሣዋ ብትኖር እንኳ የምንጠራት በላቲን ብቻ ይሆናል። ላቲኑን አልጠላሁም፤ እንዲያውም የኛን አገር ስም ስለያዘልን አመሰግነዋለሁ። ግን ከጎኑ አንድ የቤት ስም ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?

ስለዚህ ለዕረፍት አገራችሁ ስትገቡ አንድ ደብተር ያዙ። ዓሣ አጥማጁንም፣ ውኃ ቀጂዋንም፣ ከሁሉ በላይ ሕፃናቱን ጠይቁ። ከወንዛችሁ ምን ምን አለ? ማን ይለዋል ምን? ከዚህ በፊት የነበረ አሁን የጠፋስ? ስትመለሱ ይህችው መጽሔታችን አንድ ገጽ አትነፍገንም፤ ስቴንስሉንም እኔ እጽፈዋለሁ። የኔን አስቀድሜ አስመዝግቤያለሁ፦ ሹልክ፤ ካፋ፣ ከቦንጋ በታች፤ ስም አውጪዎቹ ውኃ የተላኩ ልጆች።

ድንጋይ ገልብጣችሁ ስታዩ ደግሞ አደራ፣ እንደ ነበረ አድርጋችሁ መልሱት። ባለቤት አለው።